የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 በሁለቱም ቋንቋ ማንበብ፦ ስለ ብሔራዊ ጥቅምና ስለ ባህል ዲፕሎማሲ ከደሴ የቀረበ ጥያቄ

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። በቅርቡ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ አምባሰል ሄጄ፣ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበትን ይስማ ንጉሥን አሳየኋቸው። በመመለሻችን ሐይቅን አልፈን ወደ ከተማችን ስንቃረብ አንዲት ተማሪዬ ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እንዲህ የሚል ነበር፦ መንግሥታት ለሌላው የሚያደርጉትን ሁሉ የሚያደርጉት ለራሳቸው ጥቅም ከሆነ፣ የውጭ አገር መንግሥታት የትምህርት ዕድል የሚሰጡን፣ ቋንቋቸውን በነጻ የሚያስተምሩን፣ የቆዩ መስጊዶቻችንንና አብያተ ክርስቲያኖቻችንን የሚያድሱልን ለምንድን ነው? እኛስ የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት የሚጫወት የኪነት ቡድን ወደ ውጭ ስንልክ፣ ቡና አፍልተን እንግዳ ስንቀበል፣ የምናደርገው ያንኑ ነው ወይ?

በመጻሕፍት ያለውን መልስ ሰጠኋት። ብሔራዊ ጥቅም ማለት የአገር ህልውና፣ ሉዓላዊነትና ብልጽግና እንደ ሆነ፣ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ይህን ጥቅም ከድንበር ውጭ ማስጠበቂያ መንገድ እንደ ሆነ፣ የባህል ዲፕሎማሲ ደግሞ ጆሴፍ ናይ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ለስላሳ ኃይል ብለው ከሰየሙት፣ ማለትም በማስገደድ ሳይሆን በመውደድ ከሚገኘው ተሰሚነት ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ነገርኳት። አዳምጣ ስታበቃ «እንግዲያው ወዳጅነት የሚባለው ነገር የለም ማለት ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልሱ ስለ ከበደኝ ብቻ አይደለም፤ የለም ብላት ልጅቱን ዓለምን ሁሉ እንድትጠራጠር የማስተምራት መስሎ ስለ ታየኝ፣ አለ ብላት ደግሞ ገና አሁን ያየነውን የይስማ ንጉሥን ታሪክ የማፈርሰው ስለ መሰለኝ ነው።

ስለዚህ በዚህ መድረክ ያላችሁ ታላላቆቼና ባልንጀሮቼ እንድትረዱኝ እለምናለሁ። ከተቻለ ምሳሌውን ከሩቅ አገር አታምጡልኝ፤ እዚሁ በወሎ ምድር የተፈጸመውንና የተሰማውን ንገሩኝ፣ ተማሪዎቼ በዓይናቸው የሚያውቁት ቦታ ላይ የሆነ ነገር ይበልጥ ይገባቸዋልና።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሆጤ)

ልጄ መምህር፣ ጥያቄህ የቆየ ነው፤ እኔም በክፍል ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ከውጫሌ ለመነሣት ማሰብህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውጫሌን ለመረዳት ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በዐድዋ ውል ተፈራረመ። እንግሊዞች በሱዳን በማህዲስቶች ተከብቦ የነበረውን የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል ማስወጣት ፈልገው ነበር። በለውጡ የቦጎስ ምድር ለኢትዮጵያ እንዲመለስና በምፅዋ በኩል ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በነጻ እንዲያልፍ ተስማሙ። ይሁን እንጂ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምፅዋን ስትይዝ እንግሊዝ ፈቀደችላት እንጂ አልከለከለቻትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለንደን በቀይ ባሕር ዳር የምትፈራው ፈረንሳይን ስለ ነበር፣ ፈረንሳይ ከምትገባበት ደካማዋ ኢጣልያ ብትገባ ይሻላታል። ውሉ የተጻፈበት ቀለም ሳይደርቅ ጥቅሙ ተለወጠ፤ ዐፄ ዮሐንስ ግን ቃላቸውን እንደ ጠበቁ ነበሩ።

እንግዲህ ኢጣልያ በዶጋሊ ከተመታች በኋላ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የሚገዳደር ኃይል ፈለገች፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ደግሞ መሣሪያና በአውሮፓ ዘንድ ዕውቅና ፈለጉ። ሁለቱም በየራሳቸው ጥቅም ተጠጋጉ፤ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ሲሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ የኢጣልያ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ውሉን ይዞ ይስማ ንጉሥ ላይ ተገኘ። ለተማሪዎችህ ልታስረዳቸው የሚገባው ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የአንቀጽ 17 የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ነው። በአንዱ ቋንቋ ፈቃድ የነበረው በሌላው ግዴታ ሆነ፤ በዚያ በአንድ ግሥ ምክንያት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች። ምኒልክ ይህን በትክክል የተረዱት በ1882 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥትና ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ጽፈው፣ በኢጣልያ በኩል ላክልን የሚል ምላሽ ሲመጣላቸው ነው። አንቶኔሊ ተመልሶ መጥቶ ቢከራከርም አልተሳካለትም፤ እቴጌ ጣይቱም በዚያ ክርክር እንዴት ጠንክረው እንደ ቆሙ ታሪክ ያውቀዋል። በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን መሻራቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ፤ ከኢጣልያ የተበደሩትንም ገንዘብ መለሱ። በ1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጁ ሠራዊቱን ወረኢሉ ላይ እንዲገናኝ አዘዘ፤ ይህም እዚሁ ወሎ ነው። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ የሆነውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሰርዞ የኢትዮጵያን ነጻነት በጽሑፍ አረጋገጠ።

ይህን ያህል የተነተንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለተማሪህ «ወዳጅነት አለ ወይም የለም» ብለህ አትመልስላት። የምትመልስላት፣ ጥቅም ያለው በጠላት ልብ ውስጥ ብቻ ተደብቆ ሳይሆን በቋንቋና በጽሑፍ ውስጥ ተጽፎ በግልጽ ተቀምጦ እንደ ሆነና፣ ያን የሚያነብ ሰው እንደሚያስፈልግ ነው። የባህልና የፖለቲካ ድንበር የተገናኘው እዚያ ላይ ነው። ውጫሌ ላይ የጎደለን ጀግና ወይም ጠመንጃ አልነበረም፤ የሌላውን ቋንቋ እንደ ራሱ አንብቦ «ይህ ቃል እንዲህ ነው» የሚል በቂ ሰው ነበር።

ሌላውን ምሳሌ ከደሴ ራሷ ልስጥህ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ሳሉ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጀርባ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፤ በከተማዋ የነበሩት የውጭ ጋዜጠኞችም ያዩትን ወደየአገራቸው ላኩ። በሁለተኛው ቀን በፓሪስ የእንግሊዙና የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ ሰፊውን የኢትዮጵያን ግዛት ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ ተስማሙ። ጥቅማቸው ሙሶሊኒን ከሂትለር ማራቅ ነበርና። ዕቅዱ በጋዜጣ ሲወጣ ግን የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሥልጣኑን ለቀቀ። ተመልከት፤ ኢትዮጵያን ከዚያ ዕቅድ ያዳናት ጦር ሠራዊት አይደለም፣ የአንድ ሕዝብ ስሜት ነው። ሕዝቡ ግን የመንግሥቱን ጥቅም ጨርሶ አልለወጠውም፤ ነዳጅ አልተከለከለም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ አገሪቱ ቀድሞ ተይዛ ነበር። ስሜትም ጥቅምም እውነት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

በመጨረሻም ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ወደ አገራችን መጡ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከነሱ ተከትለው ከመጡት አንዱ እንግሊዝኛ አስተማረኝ። የሰላም ጓድን ኬኔዲ ያቋቋመው በቀዝቃዛው ጦርነት ውስጥ እንደ ሆነ፣ አሜሪካ በአስመራ ቃኘው የተባለውን የመገናኛ ጣቢያ እንደ ያዘች ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ1969 ዓ.ም. የቃኘው ጣቢያ ሲዘጋ፣ ደርግ ወደ ሞስኮ ሲያዘነብል፣ የሰላም ጓዶቹም በዚያው ዓመት ወጡ። ያም ሆኖ ያ መምህር ያበደረኝ መዝገበ ቃላት አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ እርሱን ወደ ደሴ ያመጣው የመንግሥቱ ጥቅም ቢሆንም፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ያስጠናኝ ጥቅም አይደለም። ለልጅቱ ይህንንም ንገራት።

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ስለ አንቀጽ 17 የተናገሩት በእኔም ሕይወት ላይ የደረሰ ስለ መሰለኝ ልጽፍ ወደድኩ።

እኔ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ ልብስ ፋብሪካ የመስፊያ ማሽን ኦፕሬተር ነበርኩ። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በከተማችን የነበረውን ተስፋ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ከገጠሩ ወረዳዎች ሁሉ ወጣት ሴቶች መጥተው ቤት ተከራዩ። የምንሰፋው ልብስ ወደ አሜሪካ ገበያ ይሄድ ነበር፤ ጨርቁ ግን የመጣው ከእስያ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ማንም አልነገረንም ነበር። በኋላ እንደ ተረዳሁት አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ከአፍሪካ የሚሄድ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዷል፤ ለድሃ አገሮች ደግሞ ጨርቁ ከሌላ ክፍለ ዓለም ቢመጣም ልብሱ እዚህ ከተሰፋ ይበቃል ብሏል። የእኛ ላይን፣ የእኛ ሱፐርቫይዘር፣ የእኛ ደመወዝ ሁሉ በዚያ በአንድ ፍቃድ ላይ ቆሞ ነበር።

ይኸው ሕግ ግን ማን ተጠቃሚ ሆኖ እንደሚቀጥል የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በየዓመቱ እየመረመረ እንዲወስን ያደርጋል። ከመስፈርቶቹም አንዱ ሰብዓዊ መብት ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማችን ድረስ በደረሰበት ወር ዋሽንግተን ኢትዮጵያን ከዝርዝሩ እንደምታወጣ አሳወቀች፤ ውሳኔውም ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተፈጻሚ ሆነ። ምክንያት ሆኖ የቀረበው በሰሜኑ ጦርነት ተፈጽሟል የተባለ ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው። ስለ ፍርዱ ትክክለኛነት እዚህ አልከራከርም፤ መድረኩም ለዚያ አልተከፈተም። የማውቀው ከጦርነቱ ስንመለስ ኦርደር እንደሌለ ነው። መስፊያ ላይ የነበርን ሴቶች ለጦርነቱም ለሰላሙም ያዋጣነው ነገር አልነበረም፤ ዳኝነቱ ግን ደረሰን። ስንቀጠር በዚያ ሕግ ያለውን «በየዓመቱ እንደገና ይታያል» የሚለውን ቃል ያነበበልን ሰው ቢኖር፣ ቢያንስ አንዳችን የገዛ ሙያ ይዘን፣ አንዳችን ቆጥበን በጠበቅነው ነበር። እኔ ውጫሌን የተረዳሁት በዚህ ነው።

ስለ ባህል ደግሞ፣ አንድ ነገር ልመስክር። ከኮምቦልቻ ወጣ ሲሉ የሚታየው ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የባቡር ሐዲድ የተሠራው ያፒ መርኬዚ በሚባል የቱርክ ድርጅት ነው፤ ገንዘቡም በብዛት ከቱርክ ኤክሲም ባንክና ከአውሮፓ ባንኮች የመጣ ብድር ነው። ሐዲዱ በሚሠራበት ወቅት ቱርክ በትግራይ የነጃሺን መስጊድ አሳደሰች፣ ለተማሪዎችም ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጠች። እኛ ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች የነጃሺን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምረው ስለሚያውቁት በዚያ ሥራ በጣም ደስ አላቸው፤ ደስታቸውም ትክክል ነበር፣ የነጃሺ ታሪክ ለእስልምና የመጀመሪያው መጠለያ የተሰጠበት ነውና። የቱርክ መንግሥት ግን በአፍሪካ ኤምባሲዎቹን ያበዛው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ለኮንስትራክሽን ድርጅቶቹና ለሸቀጡ ገበያ ፈልጎ ጭምር ነው። ታዲያ የመስጊዱ እድሳት ውሸት ነው ወይ? አይመስለኝም። መስጊዱ እውነት ነው፤ ብድሩም እውነት ነው። ሰው ግን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ሲያስብ ብድሩን እንደ ስጦታ ይቆጥረዋል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

የሐይቅ ዳር ሰው (ሐይቅ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጥቅሙ ሁልጊዜ ቀድሞ፣ ባህሉ ተከትሎ የሚሄድ አድርጎ ማቅረቡ ትንሽ አሳስቦኛል። በወሎ ያደግን ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ መውሊድንም ጥምቀትንም አብረን ስናከብር የኖርን ስለ ሆንን፣ ከመንግሥታት ዕድሜ የሚረዝም ግንኙነት መኖሩን እናውቃለን።

ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። የመጀመሪያው፣ በግብፅ በአል አዝሃር ከአገራችን ለሚሄዱ ደረሶች የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበር፤ የወሎ ዑለሞችም ከዚያ ዓለም ጋር ዕውቀት ሲለዋወጡ ኖረዋል። ይህን የፈጠረው የትኛውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አይደለም። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳቷን ከእስክንድርያ ታስመጣ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ግብፅ በጉንደትና በጉራ ወረራ አካሂዳ ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ጊዜ ድል አደረጓት። ከዚያ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ እኒያው ንጉሥ ከእስክንድርያ ጳጳሳት ጠየቁ፤ አራት ጳጳሳትም መጡላቸው። በጦር ሜዳ የተዋጉት ሁለት አገሮች በሃይማኖት በኩል ያለው መንገዳቸው አልተዘጋም።

እርግጥ ግብፅ ያን መንገድ ለዐባይ ጉዳይ ስትጠቀምበት እንደ ቆየች አልክድም፤ ኢትዮጵያ የራሷን ሊቀ ጳጳስ በ1943 ዓ.ም.፣ የራሷን ፓትርያርክ ደግሞ በ1951 ዓ.ም. ያገኘችው ለዚያም ጭምር ነው። በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን የዐባይን ውኃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲከፋፈሉ አብዛኛው ውኃ የሚመነጭባት አገር አልተጠራችም። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የምናገረው። ግን ልብ በሉ፤ አሁን በኢትዮጵያና በግብፅ መካከል ያለው ችግር የውኃ ብቻ አይደለም፣ አንዳችን የሌላውን ቋንቋና መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ማጣታችንም ነው። በድሮ ጊዜ ዐረብኛን በካይሮ መስጊድ ውስጥ ተምሮ የሚመለስ ወሎዬ ነበር። ዛሬ ስለ ህዳሴ ግድብ በዐረብኛ ጋዜጣ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? እኛ መንዙማችንን እናሳያለን እንጂ የዐረብኛ ጽሑፋቸውን አናነብም። ለእኔ የባህል ዲፕሎማሲ መታየት ብቻ ሆኖ ማየት ያጎደለው ይመስለኛል።

ደላንቴው (ደሴ)

የሐይቅ ዳር ወንድሜ የመጨረሻ ቃል እኔ ልናገር ወደ ነበረው ነገር ወሰደኝ። እኔ ትውልዴ ደላንታ ነው። መቅደላ ከኛ ሩቅ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈውን ዕቃ በሐራጅ የሸጠው ደላንታ ሜዳ ላይ ነው። አያቶቻችን ዕቃውን ለመሸከም ዐሥራ አምስት ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ሲነገር ሰምተዋል፤ የእንግሊዞቹም መዝገብ ያንኑ ይላል። የብሪታንያ ሙዚየም የራሱን ሰው ከጦሩ ጋር ልኮ ነበር፤ ስለዚህ ያ ዘረፋ በወታደር ስካር የተፈጸመ ብቻ ሳይሆን የተጻፈበት ግዢም ነው።

ለመምህሩ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ ይህን እንዲነግራት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የተወሰደው ዕቃ የተመለሰበትን ጊዜ ብቻ ተከትላችሁ ብታዩ የብሔራዊ ጥቅምን አሠራር ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ታገኙታላችሁ። ዐፄ ዮሐንስ ሲጠይቁ ክብረ ነገሥት በ1865 ዓ.ም. ተመለሰ፤ አብሮ የተጠየቀው ኲርዐተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ግን አልተመለሰም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ ከቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ እንዲመለስ ተደረገ፤ የወርቁ ግን ለንደን ቀረ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ አገራችንን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም አምጥተው አስረከቡ። በ2011 ዓ.ም. አንድ ሙዚየም የቴዎድሮስን ፀጉር መለሰ። አብዛኛው የተመለሰው ነገር ከአንድ ጉብኝት ወይም ከአንድ ክብረ በዓል ጋር መጥቷል። ዋናው ነገር ግን እዚያው ነው፤ ዐሥራ አንድ ጽላቶች በብሪታንያ ሙዚየም ተሸፍነው ተቀምጠዋል፣ ማንም አያያቸውም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የሙዚየሙ ሕግ ዕቃ እንዳይሰጥ ይከለክላል ይባላል። ሕግ ግን የወጣው በሰው ነው፤ የሚለወጠውም በሰው ነው።

አሁን ደግሞ ጋሼ የነገሩንን የአንቀጽ 17ን ነገር አስታውሱ። በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ «በረጅም ጊዜ ውሰት» ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። ብዙ ሰው ደስ ብሎት ዜናውን አሰራጨው። እኔ ግን ያን ቃል ሳነብ እንደ ገና ይስማ ንጉሥ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ውሰት የተቀበለ ሰው ባለቤቱ ሌላ መሆኑን ፈርሟል ማለት ነው። ዕቃው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ባለቤትነቱ ግን እዚያው ይቀራል፤ ልክ «ይቻላቸዋል» የሚለው «ተስማምተዋል» እንደ ሆነ ማለት ነው።

በተቃራኒው የአክሱም ሐውልት ነገር ያጽናናናል። ሙሶሊኒ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ወስዶት ነበር፤ በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ይመለስ ብሎ ቢደነግግም፣ የተመለሰው ከ50 ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1997 ዓ.ም. ነው፣ የተተከለውም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ተመላሹን ያስገኘው ሕዝብና መንግሥት ደጋግመው ያን የውል አንቀጽ እያነሡ፣ ሳይሰለቹ ስለ ጠየቁ ነው። ውሰት ብለን አልተቀበልንም፤ የተጻፈውን ይዘን ጠየቅን።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ እህቴ ከኮምቦልቻ የጻፉትን ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው፤ ከመካከላችን አንዱ ከዚያው ፓርክ የተቀነሰች እህት ስላለው ዝም ብሎ ቆየ።

የተነገረኝን ስመዝነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ እለያለሁ። የሐይቅ ዳር ወንድሜ እንዳሉት ባህል ከጥቅም የቀደመ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በኛ ዘመን መንግሥት ያልተከተለው የባህል ግንኙነት ብዙ አያቆይም ብዬ እሰጋለሁ። የጀበርቲ ማደሪያ የቆየው ዑለሞች ስለ ተማሩበት ብቻ ሳይሆን በዚያ ጊዜ የነበሩት ገዢዎች መንገዱን ስላልዘጉት ነው። ስለዚህ ከመንግሥት የምጠብቀው መታየት ብቻ ሳይሆን ማየትንም ነው፤ የሌላውን ሕግ፣ ጋዜጣና ውል በራሱ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ማፍራት ከኪነት ቡድን መላክ ያላነሰ የባህል ሥራ ነው። ቱርክኛና ዐረብኛ፣ ቻይንኛና ኢጣልያንኛ የሚያውቁ ልጆች በደሴና በኮምቦልቻ ቢበዙ፣ የብድር ውልም የሙዚየም ደብዳቤም ሲመጣ አንድ ግሥ አይሸፈንብንም።

ተማሪዬንም አነጋገርኳት። «ወዳጅነት የለም ማለት ነው?» ያለችውን ጥያቄዋን አልዘጋሁትም፤ የጋሼን መዝገበ ቃላት ታሪክ ነገርኳትና «ይህን ምን ትይዋለሽ?» ብዬ መለስኩላት። ማሰብ ጀመረች፤ ገናም አልመለሰችልኝም።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ክፍል ይዤ ወደ ይስማ ንጉሥ እሄዳለሁ። በዚያ ቀን የአንቀጽ 17ን የአማርኛና የኢጣልያንኛ ቃል አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ ለእያንዳንዱ ተማሪ ላድል አስቤአለሁ፤ ልዩነቱን ራሳቸው እንዲያገኙት ነው። የአማርኛው አለኝ። የኢጣልያንኛውን ቃል በቃል ሊያስረዳን የሚችል፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በደሴ ካለ፣ ወይም ጋሼ የሚያውቁት ሽማግሌ ካለ፣ እዚህ ላይ ቢጽፍልኝ ቤቱ ድረስ ሄጄ አነጋግረዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሆጤ)

ልጄ፣ አንድ ሰው አውቃለሁ። ከልጅነቱ በአስመራ የተማረ፣ አሁን ዓይኑ የደከመ፣ ጆሮው ግን የሚሰማ አዛውንት ነው። ሰኞ ከቀትር በኋላ እቤቱ አብረን እንሂድ፤ ገጹን በትልቅ ፊደል አትመህ አምጣ።